ከእናቴና ከልጆች ጋር ክሩዝ ልንወጣ ነው፤ ከምን እንጀምር?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ለመውጣት አስበናል። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በአሜሪካው በጋ ስለሆነ ያለን ጊዜ ኦገስት ብቻ ነው። ለኛ ቅርቡ ባልቲሞር ነው፣ መኪናችንን አቁመን መግባት እንችላለን፣ ስለዚህ ከዚያ ወደ ባሃማስና ወደ ቤርሙዳ የሚሄዱትን እያየሁ ነው።

እኔና ልጆቹ ዜጎች ነን። ባለቤቴ ግሪን ካርድ አለው። እናቴ በጉብኝት ቪዛ ነው ያለችው። ፍልሰታን ትጾማለች፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ባሕር ላይ ነኝ ብላ እንደማትተው አውቃለሁ። ጉልበቷንም ትንሽ ያማታል። ትንሹ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 11።

የሄዳችሁ ሰዎች ዝርዝሩን ንገሩኝ። አሪፍ ነው፣ ሂዱ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እኔ የቸገረኝ ወረቀቱ፣ ምግቡና እውነተኛው ወጪ ነው።

ወረቀት ይቅደም

እህቴ፣ ዋጋ ማየቱን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ከቤተሰቡ ውስጥ ወረቀቱ የሚያስቸግረው ማነው ብለሽ ጠይቂ። መንገዱ የሚመረጠው በዚያ ሰው ነው። መርከብ፣ ካቢን (የመርከቡ መኝታ ክፍል)፣ ዋጋ ምናምን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዜጋ ለሆነ ሰው ቀላል ነው። መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ የሚመለስ ከሆነ ልጆችሽ በልደት ሰርተፊኬት፣ አንቺ በዜግነት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ግን ለሁላችሁም ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው። አንድ ሰው መሃል ላይ ታሞ ባሃማስ ሆስፒታል ቢገባ ወይም መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ፣ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት የግድ ነው። ባለቤትሽ ግሪን ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን አብሮ ይያዝ። ሊያልቅ ከተቃረበ ዛሬውኑ ማሳደስ ይጀምር።

ዋናው የእናትሽ ጉዳይ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ያለውን የአሜሪካ ቪዛ አውጥተሽ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ እይው። «ኤም» ከሆነ ቪዛው እስኪያልቅ ደጋግመው መግባት ይችላሉ። «ኤስ» ከሆነ የአንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም ሲመጡ ተጠቅመውበታል። ባሃማስ ደርሶ መመለስ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደ አዲስ መግባት ነው። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ከ2025 ጁላይ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው የ3 ወርና የአንድ ጊዜ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሰጣቸው ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ሊሆን ይችላል።

«ኤም» ቢሆንም ገና አላለቀም። መርከቡ የሚቆምበት አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠይቀው የራሱ ነገር አለ። ለኩባንያው ደውለሽ፣ የአገሩንም የኢሚግሬሽን ገጽ አንብበሽ፣ መልሱን በኢሜይል ተቀበይ። ወደቡ ላይ ወረቀት የጎደለው ሰው አይሳፈርም፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ሌሎች የምታነቡም ስሙኝ። የጥገኝነት ማመልከቻችሁ ገና ያልተወሰነ ከሆነና አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳትይዙ ከአሜሪካ ከወጣችሁ፣ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ይቆጠራል። እባካችሁ ለጥቂት ቀን ሽርሽር ብላችሁ የዓመታት ጥበቃችሁን አታበላሹ።

የዳላስ እናት

በወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የስም ጉዳይ። የኛ ቤተሰብ አንድ የጋራ ስም የለውም፤ እኔ በአባቴ ስም፣ ባሌ በአባቱ፣ ልጆቹ በሱ ወይም በአያታቸው እንጠራለን። ስለዚህ ቲኬቱ ላይ የምትጽፊው የእያንዳንዱ ሰው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ከፓስፖርቱ እያየሽ ጻፊ፣ በቃልሽ አትጻፊ።

አባት ሳይኖር እናት ብቻዋን ልጆቹን ይዛ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የልደት ሰርተፊኬታቸውንና አባታቸው ፈቅዷል የሚል በኖታሪ የተረጋገጠ ደብዳቤ ትያዝ። ስማችሁ ስለማይገጥም ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለልጆቹ ደህንነት ስለሆነ ቅር አይበላችሁ።

ሒሳብ ወዳጅ

እኔ ስለ ገንዘቡ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ማስታወቂያው ላይ የምታዪው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ካቢን ውስጥ እንደሚገባ ታስቦ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ነው የሚከፍለው። እናንተ 5 ናችሁ። አብዛኛው ካቢን ቢበዛ 4 ሰው ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ከወዲሁ ሁለት ካቢን ብለሽ አስቢ። በውስጥ በር የሚገናኙ ካቢኖች አሉ፣ እነሱ ቶሎ ስለሚያልቁ ቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ካቢን ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ቀነስ ይላል፤ አንደኛው ካቢን ውስጥ ሦስት፣ ሁለተኛው ውስጥ ሁለት አድርገሽ በተለያየ አከፋፈል አስላው።

የወደብ ክፍያና ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውንም እይ፣ ካልተካተቱ ይጨመራሉ። ከዚያ ቲፕ (ጉርሻ)። ቲፑ ኩባንያው ራሱ በየቀኑ የሚቆርጠው ነው፣ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ፣ ልጆችንም ይጨምራል። በ18 ዶላር ብናስበው ለ5 ሰው ለ7 ቀን 630 ዶላር ነው። ይህ ማስታወቂያው ላይ አይታይም። ቲፑ የሚሄደው ካቢን ለሚያጸዱትና ለሚያስተናግዱት ሠራተኞች ስለሆነ ለመቀነስ አትሞክሪ፣ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው።

መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። የካቢንሽ ካርድ ከክሬዲት ካርድሽ ጋር ይያያዝና ሁሉ ነገር በሱ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ገንዘቡ ሲወጣ አይሰማሽም። ማታ ማታ በኩባንያው አፕ ላይ ሒሳብሽን እያየሽ ተኚ፣ የልጆቹንም ካርድ እንዳይገዛ አድርገሽ አዘጊው። ዋናው ምግብ ቤት፣ ቡፌው፣ ውሃ፣ ተራ ሻይና ቡና በቲኬቱ ውስጥ ናቸው። ለስላሳ፣ አልኮል፣ ልዩ ምግብ ቤቶች፣ ኢንተርኔትና ፎቶ ለብቻ ይከፈላሉ።

የመጠጥ ፓኬጁን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ኩባንያዎች አንድ አዋቂ ከገዛ እዚያው ካቢን ውስጥ ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ባል ቢራ ይወዳል፣ ሚስት አትጠጣም፣ ሁለቱም ይከፍላሉ። ቀኑን ሙሉ ካልጠጣችሁ በስተቀር አያዋጣም።

ባልኮኒ ነው የኔ

ሒሳብ ወዳጅ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ሰውን እያስፈራህ መስኮት የሌለው ካቢን ውስጥ እንዳትከተው። ከሕፃን ወይም ከትልቅ ሰው ጋር ከሆንክ ባልኮኒ ዋጋ አለው። ልጁ ቀን ሲተኛ አንተ ውጭ ተቀምጠህ ባሕር ታያለህ። እናትም ጠዋት ጸሎታቸውን የሚያደርሱበት ጸጥ ያለ ቦታ ያገኛሉ።

ሒሳብ ወዳጅ

በእናቲቱ ጉዳይ እስማማለሁ፣ ለሳቸው ባልኮኒ ይሁን። ለወጣቶች ግን አሁንም አልስማማም። ካቢን ለመኝታ ነው፣ የተረፈውን ገንዘብ ወደብ ላይ ተጠቀሙበት። አንድ የጋራ ምክር ግን አለን መሰለኝ፦ የትኛውንም ስትመርጡ የመርከቡን ካርታ ክፈቱና ከላያችሁና ከሥራችሁ ምን እንዳለ እዩ። ከመዋኛ ገንዳው ሥር ከሆናችሁ ከንጋት ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። ከጭፈራ ቤቱ በላይ ከሆናችሁ ሌሊቱን አትተኙም። ከላይም ከታችም ካቢን ያለበትን ምረጡ።

ነርሷ ከሚኒሶታ

እኔ የጤናውን ልውሰድ። መርከብ የሚያስታውከው ሰው መሃል ላይና ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ያለ ካቢን ይያዝ፣ መወዛወዙ እዚያ ያንሳል። ፊት ለፊትና ከላይ ያለው ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ሜክሊዚን የሚባል ክኒን አለ፣ የሚሠራው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር ሲወሰድ ነው። እንቅልፍ ያመጣል። እናትሽ የደም ግፊት ወይም የግላኮማ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ፋርማሲስት ጠይቂ። ዝንጅብልም ለብዙ ሰው ይረዳል።

ሁለተኛ፣ እጅ መታጠብ። መርከብ ላይ የሚዛመተው የሆድ ሕመም ብዙ ጊዜ ኖሮቫይረስ ነው፣ በር ላይ የሚረጩላችሁ አልኮል ደግሞ እሱን በደንብ አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ልጆቹንም ከቡፌ በፊት አስታጥቡ።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንስ። ይህን ማንም አይዝለል። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፣ ግን ሒሳቡ በካርዳችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ከአገር ውጭ በአብዛኛው አይሸፍንም። ከጉብኝት ቪዛ ጋር የመጡ ወላጆችማ ጭራሽ የራሳቸው ኢንሹራንስ የላቸውም። ከመርከብ በሄሊኮፕተር ማውጣት ካስፈለገ የሚጠየቀው ገንዘብ ቤተሰብ ያናጋል፣ ስለዚህ ስትገዢ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቀድሞ የነበረ ሕመምን የሚሸፍኑት ብዙውን ጊዜ ዲፖዚት (ቅድመ ክፍያ) ከከፈልሽ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተገዙ ነው፣ እሱንም አትርሺ።

መድኃኒት በሙሉ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ትሰጫለሽ፣ ካቢንሽ የሚደርሰው ከሰዓት ወይም ማታ ነው። የልጆቹን የዋና ልብስም እዚያው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ እንደገቡ ገንዳውን አይተው መቼም አይጠብቁሽም።

መርከብ ላይ ሠርቻለሁ

ምግብ ቤት ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ ስለ ጾሙ በደንብ ልነግርሽ እችላለሁ።

መጀመሪያ፣ ቲኬቱን ስትገዢ ልዩ ምግብ የሚለው ቦታ ላይ ቪጋን (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የሌለበት) ብለሽ አስመዝግቢላቸው። ቬጀቴሪያን ካልሽ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይመጣል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ማታ ዋናው ምግብ ቤት ስትገቡ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ጥሪና ፊት ለፊት ንገሪው። እሱ በየማታው የነገውን ሜኑ ያመጣልሻል፣ እናትሽ ዛሬውኑ መርጠው ያድራሉ፣ ወጥ ቤቱም ያለ ቅቤ ለይቶ ይሠራል። በዚያው ሰዓት ተነስቶ ልዩ ነገር መጠየቅ ግን ያስቸግራል፣ ሰላጣ ብቻ ነው የሚደርሳቸው።

በብዙ መርከቦች ወጥ ቤት ሕንዶች አሉ። የምስር፣ የሽምብራና የድንች ወጥ በቅመም ይሠራሉ። ለአስተናጋጁ የሕንድ ቪጋን ምግብ ብትይው ይገባዋል፣ ለእናትሽም ከሁሉ የሚቀርባቸው ይህ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ የማታ እራት ሁለት ዙር ካለ የመጀመሪያውን ያዙ። በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚጀምረው። እሳቸው 9 ሰዓት ላይ ሲፈቱ የምሳ ቡፌው እየተዘጋ ሊሆን ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ፍራፍሬ፣ ዳቦና ሩዝ በሳህን አንስታችሁ ካቢን አስቀምጡላቸው። ይህ ይፈቀዳል።

ከቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት ግን አይፈቀድም። እንጀራና ሽሮ ቋጥራችሁ ብትመጡ በር ላይ ይቀራል። ከሱቅ የተገዛ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በአብዛኛው ያልፋል። ከመርከብ ስትወርዱ ደግሞ ፍራፍሬ ይዛችሁ ወደ ወደብ አትውጡ፣ ቅጣት አለው።

አስቀድሜ ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፦ ቡና ማፍላት አይቻልም። ከሰል፣ ሻማ፣ እጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሁሉም ክልክል ናቸው። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው። ጀበናውን ቤት ተዉት።

ደህንነቱን በተመለከተም አንድ ቃል። ከመነሳታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። ሰው ይሰላችበታል። ኮስታ ኮንኮርዲያ በጃንዋሪ 2012 ጣሊያን አጠገብ ድንጋይ መትቶ ሲገለበጥ 32 ሰው ሞቷል፣ ጥቂት ቀደም ብለው የተሳፈሩ ብዙ መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። አሁን መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ ወዲያው መደረግ አለበት። የመሰብሰቢያ ቦታችሁን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ለእናትሽም በአማርኛ አስረጂያቸው።

ፋጡማ ከአትላንታ

ለሙስሊም አንባቢዎች፦ ሐላል ሥጋ በብዙ ኩባንያዎች ከጉዞው ሳምንታት በፊት ተጠይቆ ይዘጋጃል፣ መርከብ ላይ ደርሶ መጠየቅ ግን ዘግይቷል። ካልተገኘ ዓሣና አትክልቱ ይበቃል። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የዋና ጨርቅ እስከሆነ ድረስ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

ከሮም

እኛም ጋ ያው የወረቀት ነገር ነው። በሼንገን ቪዛ ሜዲትራኒያን ላይ ክሩዝ የምትወጡ፣ መርከቡ ቱርክ ወይም ቱኒዚያ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ከሼንገን ወጥታችሁ መመለሳችሁ ነው። የአንድ ጊዜ ቪዛ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሌላው፣ «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ወደብ ሮም አይደለም። ቺቪታቬኪያ ነው፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። «ፍሎረንስ» የሚሉትም ሊቮርኖ ነው። በራሳችሁ ከወጣችሁ መመለሻውን በደንብ አስሉ፣ መርከቡ አይጠብቅም። ከመርከቡ በገዛችሁት ጉብኝት ከሄዳችሁ ግን ቢዘገይም ይጠብቃችኋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዛዋን አየሁት። «ኤስ» ነው።

ለእናቴ ስነግራት እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃችኋለሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለ እሷ መሄድ አልፈልግም። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ይህ ብቻ ነው፣ መቼ እንደምትመለስ አናውቅም። ከአሜሪካ የማይወጣ ክሩዝ የለም? አላስካ አሜሪካ አይደለም እንዴ?

ወረቀት ይቅደም

እንኳን ቀድመሽ አየሽው። በዚህ ቪዛ ባሃማስም ቤርሙዳም ሜክሲኮም እርሺው። አንዳንድ ሰው ለአጭር ጊዜ ወጥቶ መግባት ይቻላል የሚል ነገር ይነግርሽ ይሆናል፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሪ በእናትሽ ላይ አትሞክሪው።

ሲያትል ኗሪ

አላስካን እኔ ልመልስልሽ፣ በራችን ላይ ነው የሚነሳው። አላስካ አሜሪካ ናት፣ ግን ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች ካናዳ ሳይቆሙ አይመለሱም። ምክንያቱ በ1886 የወጣ የመንገደኛ መርከብ ሕግ ነው። የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ በመሃል የውጭ አገር ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ወደ አሜሪካ ወደብ መመለስ አይችልም። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ከአንዱ በስተቀር የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በማልታና በመሳሰሉት ነው። ስለዚህ የአላስካዎቹን ከተሞች ጁኖንና ኬቺካንን አሳይተው ሲመለሱ ማታ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይቆማሉ። ባትወርዱም ካናዳ ገብታችኋል። ከካናዳዋ ቫንኩቨር የሚነሳውማ ግልጽ ነው።

ያ አንዱ መርከብ ግን ለናንተ ይሆናል። ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ይባላል፣ የኖርዌጂያን ኩባንያ ነው፣ ባንዲራው የአሜሪካ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሆኖሉሉ እየተነሳ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ 7 ቀን ይዞራል። ከአሜሪካ አይወጣም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ይህን ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም! ሃዋይ ግን ዋጋው? በረራውስ ለእናቴ አይበዛም?

ሒሳብ ወዳጅ

ልዋሽሽ አልችልም፣ ይወደዳል። ከባልቲሞር በመኪና ሄደሽ የምትገቢው ክሩዝና ይህ አይወዳደሩም። አምስት የአውሮፕላን ቲኬት ይጨመራል፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ አየር ላይ ብቻ ከ10 ሰዓት በላይ ነው። ከመርከቡ አንድ ቀን ቀድማችሁ መድረስ አለባችሁ፣ አውሮፕላን ከዘገየ መርከቡ ይነሳል፤ ስለዚህ የሆቴል አዳርም አለ።

በሌላ በኩል አንድ ነገር ትቆጥቢያለሽ። ሃዋይን በየብስ ካሰብሽው በየደሴቱ መካከል ሌላ በረራ፣ በየደሴቱ ሆቴል፣ በየቀኑ የምግብ ቤት ሒሳብ አለ። ለ5 ሰው ያንን ደምሪና አነጻጽሪው። እኔ ብሆን ሁለቱንም በወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የምወስነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ደግሞ ዘንድሮ እዚያው ሜሪላንድ ባሕር ዳር ባለችው ኦሽን ሲቲ ቤት ተከራይታችሁ ከእናትሽ ጋር ብትቀመጡም ባሕር ነው፣ ልጆቹም ይደሰታሉ።

ከወሰንሽ ግን ቶሎ ያዢ። ዲፖዚት ከፍለሽ ዋጋውን አስቀምጪ፣ ቀሪው የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ከ2 እስከ 4 ወር ሲቀር ነው። እስከዚያ ዋጋው ከወረደ ደውለሽ በአዲሱ አድርጉልኝ በይ። ዲፖዚቱ የሚመለስ መሆኑን ሳታረጋግጪ ግን አትክፈይ።

ወረቀት ይቅደም

በዚህ መንገድ የእናትሽ ቪዛ አይነካም። ለአገር ውስጥ በረራ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው በቂ መታወቂያ ነው። ሲገቡ የተፈቀደላቸውን የመቆያ ቀን ግን እይው፣ ጉዞው ከዚያ ማለፍ የለበትም። አይ-94 የሚባለውን የመግቢያና የመቆያ መዝገብ ከመንግሥት ገጽ ላይ አውጥተሽ አትሚና ይዛችሁ ሂዱ።

ነርሷ ከሚኒሶታ

ረጅሙ በረራ ላይ እግራቸው እንዳያብጥ በየጊዜው ተነስተው ይራመዱ፣ ውሃም ይጠጡ። ጾም ላይ ስለሆኑ ከበረራው በፊት ስለ ውሃ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ለታመመና ለመንገደኛ የሚሉት ነገር ይኖራል። ከዋሽንግተን ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊት ነቅተው ቢያገኟቸው ልጆቹ አይደንግጡ።

መርከብ ላይ ሠርቻለሁ

ይህ መንገድ ለትልቅ ሰው ይመቻል። ባሕር ላይ ብቻ የሚዋልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፣ ማዊ ላይና ካዋይ ላይ መርከቡ ወደብ ላይ ያድራል። ስለዚህ የደከማችሁ ቀን ከሰዓት ብትወጡም ይበቃል። ቁማር በሃዋይ ሕግ ክልክል ስለሆነ መርከቡ ላይ ካሲኖ የለም፣ ለቤተሰብ ጸጥ ይላል። ሠራተኞቹም በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው። ስለ ሕንድ ወጥ ቤት ያልኩሽ እዚህ ላይ ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ቪጋኑን ቀድመሽ ማስመዝገቡ ላይ በርቺ። በደሴቶቹ መካከል ሌሊት ይንቀሳቀሳልና የነርሷን ክኒን አትርሱ።

ካዋይን ለቃችሁ ስትወጡ መርከቡ ከሰዓት በናፓሊ ዳርቻ አጠገብ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ከባሕሩ የተነሳ አረንጓዴ ገደል ነው፣ በመኪና አይደረስበትም። ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ቀደም ብላችሁ ላይኛው ፎቅ ላይ ለእናትሽ ወንበር ያዙላቸው። ሂሎ ስትቆሙ ደግሞ የእሳተ ገሞራው ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ኮና ላይ ደግሞ ቡና አለ! በአሜሪካ ውስጥ ቡና በስፋት ከሚበቅልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የኮና ዳገት ነው። እርሻዎቹ ጎብኚ ያስገባሉ፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ መቅላት ይጀምራል። እናትሽ ቡና የሚያውቁ ሰው ከሆኑ የሚያዩት፣ የሚያሸቱት፣ የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ። የተቆላ ቡና ይዞ ወደ ሜሪላንድ መመለስም ይቻላል። ትኩስ ፍራፍሬና ተክል ላይ ግን ከሃዋይ ሲወጣ ፍተሻ አለ።

የዳላስ እናት

ለትንሹ ልጅ የልጆች ክለቡን አትርሺ። በቲኬቱ ውስጥ ነው፣ በዕድሜ ተከፋፍሎ ያጫውቷቸዋል። በመጀመሪያው ቀን አስመዝግቢው። ትልቋ ደግሞ ራሷ ፈርማ እንድትወጣ ትፈልጊ እንደሆን ይጠይቁሻል፣ መልሱን ከባለቤትሽ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙበት። ስልኮቻችሁን ባሕር ላይ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ የመርከቡ ኔትወርክ በደቂቃ ነው የሚያስከፍለው። ሃዋይ ወደብ ላይ ስትደርሱ የራሳችሁ መስመር ስለሚሠራ አዲስ አበባ ለመደወል ያኔን ጠብቁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። ሃዋይ እንሄዳለን፣ በዚህ ዓመት ሌላ ነገር እንተዋለን። ለእናቴ የቡናውን ነገር ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንደሚለቅመውና ኪሎውን ስንት እንደሚሸጡት ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ኮና ላይ መርከቡ ዳር ድረስ አይጠጋም፣ በትንሽ ጀልባ ነው የምትወርዱት የሚል አነበብኩ። በእናቴ ጉልበት ይሆናል?

መርከብ ላይ ሠርቻለሁ

ልክ ነው፣ ኮና ላይ በጀልባ ነው። ከመርከቡ ወደ ጀልባው ስትሻገሩ ሁለት ሠራተኞች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይይዟቸዋል። ማዕበል ከሌለ በደህና ያልፋሉ። ማለዳ ላይ ሰልፉ ረጅም ስለሆነና ቆሞ መጠበቁ ጉልበት ስለሚጎዳ የመጀመሪያው ግፊያ ካለፈ በኋላ ውረዱ። ከዋዜማው የእንግዳ መቀበያው ጋ ሄደሽ እናቴ ለመራመድ ይቸግራታል ብለሽ አስመዝግቢ፣ ቅድሚያ ይሰጧችኋል። የቡና እርሻውን ጉብኝት በዚያ ቀን ከመርከቡ በኩል ግዙት፣ ባሕሩ ተነስቶ ጀልባው ከቀረ ገንዘቡ ይመለስላችኋል። ጫማቸው ተረከዝ የሌለውና የማያንሸራትት ይሁን፣ ነጠላቸውንም ጀልባው ላይ ሲገቡ አንቺ ያዢላቸው፣ ነፋስ አለ።